የጠረጴዛ ላይ መርከቦች

ጦር ኃይሎች ለምንኖር ሰዎች መርከብ ሩቅ ነገር ነው። ከአያት የሚነሣው ባቡር እዚህ ሲደርስ ሐዲዱ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ታክሲ ነው። ባሕር የሚመስል ነገር የምናየው ሐምሌ ላይ ከታክሲ ስንወርድ ሱሪያችንን ሰብስበን በምንዘለው ኩሬ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የመዘምራን ልምምድ ካበቃ በኋላ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ክፍል ሰባት ወጣቶች «መርከባችን እየሰመጠች ነው!» እያሉ ሲጯጯሁ ብሰማ መገረሜ አይቀርም።

የገባሁት ግን በመገረም ብቻ አልነበረም። ከሳምንት በፊት አንዲት እናት በር ላይ አስቁመውኝ፣ «መምህር፣ ልጄ ዘንዶና ጠንቋይ ያለበት ጨዋታ ይዟል፤ እስቲ ይመልከቱልኝ» ብለውኝ ነበር። ሄጄ ተመለከትኩ። ያገኘሁትም ሉዶ የሚመስል ሰሌዳ ሳይሆን የተጨማደደ ፎቶ ኮፒ፣ እርሳስ፣ ባለ ብዙ ገጽ ዳይስና ብዙ ወሬ ነበር። ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው በታሪኩ ውስጥ ይኖራሉ። «በሩን እሰብራለሁ» ይላል አንዱ። ይሰብረው ወይም አይሰብረው እንደሆነ ዳይስ ይወስናል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጨዋታ ላይ አጥብቀው ተነሥተው ነበር፤ የእናትየውም ስጋት ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። ስለ ጥንቆላው ክፍል ከወጣቶቹ ጋር የተነጋገርነውን እዚህ አልደግመውም፤ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። ዳይስ መጣል በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ካለ ግን ትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ አንድን ያንብብ። ዕጣ የተጣለው መርከብ ላይ ነበር፤ የወጣውም ዕጣ አልተሳሳተም።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ወጣቶቹ በታሪኩ ውስጥ መርከብ ገዝተው ነበር። ከፎቶ ኮፒው አንዱ ገጽ የመርከቦች ሠንጠረዥ ሲሆን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2014 ከታተመው የተራኪዎች መመሪያ ነው። ከትንሿ ቀዘፋ ጀልባ እስከ ጦር መርከብ ስድስት ዓይነት ተዘርዝሯል። ለእያንዳንዱ ዋጋው በወርቅ፣ ፍጥነቱ፣ የሚጭነው ቶን፣ የሠራተኞቹ ብዛትና «የሕይወት ነጥቡ» ተጽፏል። ጀልባዋ 50 ነጥብ አላት፤ ባለ ሸራዋ 300፤ በቀዛፊዎች የምትሄደው ትልቋ 500። ጠላት በመታሽ ቁጥር ነጥብሽ ይቀነሳል፤ ዜሮ ስትደርሺ ትሰምጪያለሽ። የዚያን ቀን የሰመጠችው የጠላት ቀዛፊ መርከብ ነበረች። በሠንጠረዡ መሠረት ሠራተኞቿ 80 ናቸው። ተራኪው «ሰመጠች» አለና ወደሚቀጥለው አለፈ። እልልታ ሆነ። ከዚያ አንዲት ልጅ፣ የመዘምራኑ አልቶ፣ እርሳሷን አስቀምጣ «ሰማንያዎቹስ?» አለች። መልስ የሰጣት የለም። ሠንጠረዡም መልስ የለውም። ጥቂት ቆይታ ወደ እኔ ዞራ «መምህር፣ ከእነዚህ ስድስቱ ውስጥ የእኛ አገር መርከብ የትኛዋ ናት?» አለችኝ።

ለሁለተኛው ጥያቄ የዚያን ቀን «አንዷም» ብዬ አለፍኩ። ታሪክ ተምሬ እንዲህ ያለ መልስ መስጠቴ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ይህ ጽሑፍ ለእሷ የምከፍለው ዕዳ ነው፤ እናንተም አብራችሁ ስሙ።

መርከብን በጠረጴዛ ላይ ማንቀሳቀስ የልጆች ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ18ኛው መቶ ዘመን በስኮትላንድ የኖረ ጆን ክላርክ የሚባል ሰው ነበር፤ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ባለቤት። ረጅም የባሕር ጉዞ አድርጎ አያውቅም። ነገር ግን ትናንሽ የእንጨት መርከቦችን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ነፋሱ ከወዲህ ቢመጣ፣ ጠላት ከወዲያ ቢሰለፍ እያለ ሲያንቀሳቅስ ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1782 ስለ ባሕር ውጊያ ስልት መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉን የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንኖች አነበቡት። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ባሕር የሚናገረው ምን አለ ለምትሉኝ አንዱ መልሴ ይህ ሰው ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ፍሬድ ጄን የተባለ እንግሊዛዊ ለባሕር ውጊያ ጨዋታ ሕግ ጻፈ። ጨዋታው እንዲሠራ የየአገሩን መርከብ መድፍ፣ የብረት ልባስ ውፍረትና ፍጥነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የዓለምን የጦር መርከቦች ሁሉ የሚዘረዝር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1898 አወጣ። የጨዋታው መረጃ የነበረው መጽሐፍ የአገሮች የባሕር ኃይሎች የሚገዙት መዝገብ ሆነ፤ በስሙ የሚጠራው መዝገብ ዛሬም አለ። በ1930ዎቹ ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ፍሌቸር ፕራት የተባለ ደራሲ ከጓደኞቹ ጋር ትናንሽ መርከቦችን ወለል ላይ አሰልፎ ይጫወት ነበር። መድፏን፣ ጥሩሯን፣ ፍጥነቷንና ክብደቷን በአንድ ቀመር አስገብቶ የመርከቧን ዋጋ በነጥብ አወጣ። ጥይት በመታት ቁጥር ነጥቧ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቷና መድፏም ይቀነሱ ነበር። ይህን በልባችሁ ያዙት።

ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ወለልም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1942 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ እንግሊዝ እህልና ነዳጅ የሚያመጡትን የንግድ መርከቦች እያሳደዱ ያሰምጡ ነበር። በሊቨርፑል ከተማ፣ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ጡረታ ወጥቶ የነበረው ካፒቴን ጊልበርት ሮበርትስ አንድ ክፍል ተሰጠው። ወለሉን በመስመር ከፋፈለው፤ ትናንሽ መርከቦች ዘረጋበት። ረዳቶቹ አብዛኞቹ ከባሕር ኃይሉ የሴቶች ክፍል የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። መኮንኖቹ ከሸራ መጋረጃ ኋላ ሆነው በቀዳዳ ብቻ ያያሉ፤ የሰርጓጁ መንገድ ከሩቅ በማይታይ ቀለም ጠመኔ ይሰመራል። በዚያ ወለል ላይ የተገኘው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ጠላት የሚተኩሰው ከውጭ ሳይሆን ከንግድ መርከቦቹ ሰልፍ መካከል ገብቶ ነው። ይህን ካወቁ በኋላ የመከላከያ ስልት ነደፉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከብ ያዘዘው አድሚራል ማክስ ሆርተን ሊፈትናቸው መጥቶ አጥቂ ሆኖ ተጫወተ። ከመጋረጃው ኋላ ሆና መርከቦቹን ስትከላከል በነበረችው ወጣት ሴት አምስት ጊዜ ተሸነፈ። ማን እንዳሸነፈው ሲነገረው ፊቱ ምን እንደሚመስል ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ወጣቶቻችን ጨዋታ ልመለስ፤ ምክንያቱም የጨዋታው መነሻ ራሱ መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1969 በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ የጦርነት ጨዋታ ወዳዶች ተሰብስበው ነበር። እዚያ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ተገናኙ። ያስተዋወቃቸው ዘንዶ አይደለም፤ ሁለቱም ባለ ሸራ የጦር መርከቦችን ውጊያ ይወዱ ነበር። ከማይክ ካር ጋር ሆነው በ1972 ያሳተሙት ሕግ ስሙ «መርከቧን አሳልፋችሁ አትስጡ» እንደ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን ሲያወጡ ከሦስቱ ትናንሽ መጻሕፍት በሦስተኛው ውስጥ የባሕር ውጊያ ሕግ አስገቡ።

ከሁሉ የበለጠ ያስገረመኝ ግን ይህ ነው። አርንሰን ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት መጀመሪያ ላይ ሰው በአንድ ምት ይሞት ነበር። ተጫዋቾቹ ያን ያህል የደከሙበትን ሰው በአንድ ዳይስ ማጣት አልወደዱም። ስለዚህ አርንሰን በኋላ ራሱ እንደ ተናገረው፣ ቀድሞ ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ብረት ለበስ መርከቦች ካዘጋጀው ሕግ ሁለት ነገር ወሰደ፤ የሕይወት ነጥብንና የጥሩር ደረጃን። ለምን ከብረት ለበስ መርከብ? እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1862 «ሞኒተር»ና «ቨርጂኒያ» የተባሉት ሁለት ብረት ለበሶች በቨርጂኒያ ወሽመጥ ለሰዓታት ተደባድበው አንዳቸውም አልሰመጡም። ጥይቱ ይመታል፣ ብረቱ ይጎዳል፣ መርከቧ ግን ትዋጋለች። እንዲህ ያለውን ነገር በ«ሞተ» ወይም «አልሞተ» መጻፍ አይቻልም፤ ቀስ በቀስ የሚያልቅ ቁጥር ያስፈልጋል። እንግዲህ ዛሬ በስልክ በምትጫወቱት ጨዋታ ሁሉ ከሰውየው ራስ በላይ የምታዩት ቀይ መስመር አያቱ መርከብ ነው። ሰውን በመርከብ ልክ ቆጠሩት። የእኛ አልቶ የጠየቀችው ደግሞ የተገላቢጦሹን ነው፤ መርከቧን ስንቆጥር ሰዎቹን የት አደረስናቸው?

በኋላ የመጡ ሕጎች ይህን ጉድለት አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው «ጎስትስ ኦቭ ሶልትማርሽ» መርከብ አንድ ነጥብ ብቻ የላትም። አካሏ፣ መሪዋና ሸራዋ ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ ሸራዋ ቢቀደድ ትቆማለች እንጂ አትሰምጥም። ስድስት ሹማምንትም ተመድበዋል፤ ከካፒቴኑና ከምክትሉ ጀምሮ እስከ ሐኪሙና እስከ ምግብ አብሳዩ። የሠራተኞቹ ሁኔታም ከአሥር በታች እስከ አሥር በላይ በሚሄድ ቁጥር ይለካል፤ በጣም ከወረደ ያምፃሉ። ምግብ አብሳዩ ሹም መሆኑን ወጣቶቹ ሲሰሙ ሳቁ። ለሁለት ሳምንት ያለ ምግብ በማዕበል የተጓዘ ሰው ግን አይስቅም፤ እንዲህ ያለውን ጉዞ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ እምነት ነው፤ ይህም ልክ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከወጣቶቹ ጋር እንደ መርከብ ሕግ አነበብነው። ሉቃስ የመርከብ ሰው ዓይን አለው። መርከቧ የእስክንድርያ ናት፣ ስንዴ ጭናለች፣ ላይዋ 276 ሰው አለ። የጉዞው ወቅት አልፏል፤ ጳውሎስ አትነሡ ሲል የመቶ አለቃው ግን መሪውንና የመርከቡን ባለቤት ሰማ። ነፋሱ ሲበረታ መጀመሪያ ታንኳይቱን ወደ ላይ ሳቡ፣ ቀጥሎ መርከቧን ዙሪያዋን በገመድ አስታጠቁ፣ በማግስቱ ጭነት ጣሉ፣ በሦስተኛው ቀን የመርከቧን ዕቃ በእጃቸው ወረወሩ። ጥልቀት ለኩ፤ ሰው ሁለት እጁን ሲዘረጋ በሚሆነው ልክ 20፣ ትንሽ አልፈው 15። ከኋላ አራት መልሕቅ ጣሉ። ልጆቹን ያስደነቃቸው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መርከበኞቹ መልሕቅ እንጥላለን ብለው ታንኳይቱን አወረዱ፤ ሊሸሹ ነው። ጳውሎስ ለመቶ አለቃው፣ እነዚህ ካልቀሩ እናንተ አትድኑም አለው፤ ወታደሮቹም ገመዱን ቆረጡት። መርከቧ በመጨረሻ ተሰባበረች። ከ276ቱ አንድም አልጠፋም።

አስተውሉ፤ በሠንጠረዡ ሕግ ይህች መርከብ ዜሮ ነጥብ ደርሳለች፤ ጨዋታው አልቋል፤ ተሸንፋችኋል። በሉቃስ አቆጣጠር ግን ቁጥሩ መጨረሻ ላይ የሚታየው በሰው ነው። ጭነቱ፣ ዕቃው፣ ስንዴው፣ በመጨረሻም መርከቧ ራሷ አንድ በአንድ የሚከፈሉ ዋጋዎች ናቸው። አልቶዋ ይህን ስትሰማ ወረቀት አወጣችና «ጭነት ጣል፤ ለማምለጥ ዳይስ ላይ ሁለት ጨምር» ብላ ጻፈች። ሕጓ ከመጽሐፉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን መርከብ። እ.ኤ.አ. በ1ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አካባቢ የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መመሪያ የአክሱም ወደብ ስለነበረችው አዱሊስ ይናገራል። ቦታዋ ዛሬ በኤርትራ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ነው። መርከቦች ቀድሞ ከባሕረ ሰላጤው ጫፍ ባለች፣ ከየብስ በእግር በምትደረስ ደሴት አጠገብ መልሕቅ ይጥሉ ነበር። ከየብስ እየመጡ ስለ ዘረፏቸው ግን ራቅ ወዳለችው ተራራማ ደሴት ተዛወሩ። ወደብ ለመርከብ መጠለያ ነው ብለን ብንጠብቅም፣ አንዳንዴ አደጋው የሚመጣው ከወደቡ ነው።

በ6ኛው መቶ ዘመን ወደዚያች ከተማ አንድ የእስክንድርያ ነጋዴ መጣ፤ ኮስማስ ይባላል። ዐፄ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕምያርን ለመውጋት ሲዘጋጅ እዚያ ነበር። (ይህ ሰው በኋላ መነኵሴ ሆኖ ምድር ጠፍጣፋ ናት የሚል ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ዓይኑ ያየውን ሲጽፍ ታማኝ ነው፤ ጥቅስ ይዞ ካርታ ሲሥል ግን ተሳሳተ። ለእኛ ለአስተማሪዎች ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።) የዘመቻውን ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርታችን ታስታውሱታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ523 አካባቢ የሕምያር ንጉሥ ዙ ኑዋስ በናግራን የነበሩትን ክርስቲያኖች ፈጀ።

ካሌብ ግን የሚበቃ መርከብ አልነበረውም። የናግራን ሰማዕታትን ታሪክ የሚተርከው የግሪክኛ መጽሐፍ መርከቦቹ ከየት እንደ መጡ ይቆጥራል። ከአይላ ማለትም ከዛሬዋ አቃባ አካባቢ 15፣ ከዛሬዋ ስዊዝ አጠገብ ከነበረችው ከክሊስማ 20፣ ከዮታቤ ደሴት 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፋራሳን 7፣ ከህንድ 9። ድምሩ 60 ነው። ካሌብ ራሱ 10 አሠራ። ሰባው በአዱሊስ ወደብ በገበዛ ተሰበሰቡ። ብዙዎቹ የነጋዴ መርከቦች ናቸው፤ ትናንት ቅመምና ዝሆን ጥርስ የጫኑ፣ ዛሬ ወታደር የሚጭኑ። ወጣቶቹ በጨዋታው መርከብ የሚገዙት በወርቅ ነው፤ ካሌብ ግን በአብዛኛው ያሰለፈው ከሌላ ወደብ የመጣ ነው። ሠንጠረዡ ላይ «የተዋሰ» የሚል ዋጋ የለም።

መርከቦቹስ ምን ይመስሉ ነበር? የዚያው ዘመን ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ይነግረናል። በዚያ ባሕር የሚሄዱት የኢትዮጵያውያንና የህንዶች መርከቦች ዝፍት አልተቀቡም፣ በብረት ምስማርም አልተመቱም፤ ሳንቃቸው በገመድ የተሰፋ ነው። ሰዎች ለዚህ የሚሰጡትን ምክንያትም ይጠቅሳል። በዚያ ባሕር ብረት የሚስቡ ዐለቶች አሉ፣ ምስማር ያለው መርከብ ሲቀርብ ይነጠቃል ይላሉ። ማግኔት ተራራ! የጨዋታ ተራኪ ሁሉ የሚመኘው ነገር። ፕሮኮፒዮስ ግን አላመነም። የሮማውያን መርከቦች ብዙ ብረት ይዘው እዚያው ባሕር ይሄዳሉ፣ ምንም አልሆኑም አለ። ከ1,400 ዓመት በላይ ቀድሞ በተረትና በመረጃ መካከል መለየት ይቻል ነበር ማለት ነው። የራሱ ማብራሪያ ግን እሱም ሙሉ አይደለም። ኢትዮጵያውያን ብረት የላቸውም፣ ሮማውያንም እንዳይሸጡላቸው ሕግ ይከለክላል አለ። ያ የመርከበኞች መመሪያ ደግሞ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አዱሊስ ከህንድ ብረት ታስገባ እንደ ነበር ይመሰክራል። በገመድ መስፋት በህንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ሁሉ የታወቀ ጥበብ ነበር። የተሰፋ መርከብ ዐለት ወይም አሸዋ ሲነካ ይለመጣል እንጂ በምስማሩ አይሰነጠቅም። ቀይ ባሕር ደግሞ ኮራል የሞላበት ነው። ዋጋውም አለ፤ ስፌቱ ውኃ ያስገባል፣ ገመዱ ይበሰብሳል፣ በየጊዜው እንደ ገና መሰፋት አለበት።

ዙ ኑዋስ ዝም ብሎ አልጠበቀም። የእሱ ወገን ያስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ በመንደብ ስለ ተዘረጋ ሰንሰለት ይናገራል፤ የሰማዕታቱም መጽሐፍ ስለ ሰንሰለት ያወራል። መርከብ እንዳያርፍ ጠረፍን በሰንሰለት መዝጋት ማለት ነው። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ የካሌብ ሠራዊት ተሻገረ፤ ዙ ኑዋስም ተሸነፈ።

ሌላም መርከብ አለን፤ ባሕር የማይፈልግ። ጣና ላይ ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ ያላየ ፎቶውን አይቷል። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በተለይ በዚህ ሙያ ይታወቃሉ። ታንኳ የሚንሳፈፈው ውኃ የማያስገባ ስለ ሆነ አይደለም፤ ውኃው በመካከሉ ያልፋል፤ የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ነው። ስለዚህ ልትቀዱት የምትችሉት ውኃ የለም፤ ቀዳዳም ቢሆን አያሰምጠውም። ነገር ግን ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ በየጊዜው ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው። በሕግ ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ ማንም ሳይመታው በየቀኑ ነጥብ የሚቀንስ፣ ፀሐይ ላይ ሲውል ጥቂት የሚመለስለት መርከብ። በመመሪያው ካሉት ስድስቱ አንዷም እንዲህ አይደለችም። ይህን ሕግ ያወጣው የባሕር ዳር ዘመድ ያለው ልጅ ነው፤ እኔ አጨበጨብኩ እንጂ አልጨመርኩም።

እዚህ ድረስ ስንደርስ ደስ ብሎን ነበር። አንድ እሑድ ግን ከአምልኮ በኋላ ወረቀቶቻችንን በር ላይ ለሚያስተናግዱን አንድ አባት አሳየናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው በባሕር ኃይል እንዳገለገሉ እናውቃለን፤ ብዙ አይናገሩም።

የዚያን ኃይል ታሪክ በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል አገሪቱ ጠረፍ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1955 የባሕር ኃይሉ ተመሠረተ፤ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ሆነ፣ መኮንኖቹ አሥመራ በነበረው ኮሌጅ ተማሩ፣ በሥልጠናው የኖርዌይ መኮንኖች ረዱ። በጥር 1954 ዓ.ም. አሜሪካ «ኦርካ» የተባለችውን መርከቧን አስረከበች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን ለማገልገል የተሠራች፣ ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ የሆነች መርከብ ናት። ስሟ «ኢትዮጵያ» ተባለ። የኃይሉ ትልቋ መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። በየዓመቱ በባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ምጽዋ ወርደው የዕጩዎቹን ምረቃ ያዩ ነበር፤ የሌሎች አገሮች የጦር መርከቦችም ለበዓሉ ይመጡ ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ሊያዝ ሲል የቀሩት መርከቦች ወደ የመን፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ጅቡቲ ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የደረሰችው የመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጅቡቲ የቀሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ለጨረታ ቀረቡ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ሰባቱም ወጣቶች ዙሪያቸውን ቆመዋል። የካሌብን ስፌት ሲያነቡ ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን የሕይወት ነጥብ ላይ አድርገው፣ «ዜሮ ስትደርስ ትሰምጣለች፤ ይሄ ገብቶኛል። ወደብ የሌላት ከሆነችስ ነጥቧ ስንት ነው?» አሉ።

ተራኪው ልጅ «ጋሼ፣ ወደብ የነጥብ ጉዳይ አይደለም» አላቸው።

«እኛ አልሰመጥንም» አሉ ጋሼ። «አካሏ ደኅና ነበር። ሞተሯም ይሠራ ነበር። ሰዉም አልሞተም። ወርደን ሄድን።» ወረቀቱን አጥፈው መለሱልንና ወደ በሩ ተመለሱ፤ የሁለተኛው ፕሮግራም ሰዎች እየገቡ ነበር።

እኔ በጽሑፍ የማውቀውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ክላርክ፣ ጄን፣ ፕራት፣ አርንሰን፣ ሁሉም መርከብ የምትጠፋው በመምታት ነው ብለው ነው የጀመሩት። መኮንን የነበረ ሰው በሌላ ሰው አገር ወደብ ላይ ከሙሉ መርከብ ሲወርድ የሚቀነስ ቁጥር አንዳቸውም አልጻፉም። የዚያ ኃይል ሰዎች ኋላ የት የት እንደ ተበተኑ፣ ስንቶቹ በስደት ሳሉ ወንጌል እንደ ሰሙ፣ ስንቶቹ ዛሬ በየአጥቢያችን በር ላይ ቆመው «እንኳን ደኅና መጣችሁ» እንደሚሉን ማንም አልቆጠረም። በአገሪቱ የባሕር ኃይሉን እንደ ገና የማቋቋም ሥራ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ተጀመረ ሰምታችኋል፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ወጣቶች የመርከብ ምሕንድስና ተምረው በሌሎች አገሮች የንግድ መርከቦች ላይ ይቀጠራሉ። እንግዲህ መርከበኛ አለን፤ ጠረፍ ግን የለንም። ከእናንተ መካከል በዚያ የተማረ ወንድም ያለው ካለ፣ መርከብ ላይ ስንት ወር እንደሚቀመጥና ያ ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍ ጠይቁትና ጻፉልን። ሕጋችን ይፈልገዋል።

ወጣቶቹ እስካሁን የጻፉት አንድ ገጽ ተኩል ነው። የተሰፋ መርከብ ኮራል ሲነካ የሚያጣው ነጥብ ግማሽ ነው፤ ነገር ግን በየወሩ ገመድ ካልታደሰ በየቀኑ አንድ ያጣል። ታንኳ ማድረቂያ ቀን ይፈልጋል። የነጋዴ መርከብ መዋስ ይቻላል፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን የመለሳችሁትና የጠፋባችሁ ይቆጠራል፤ ባለቤቱም ይጠይቃችኋል። ሠራተኞች በቁጥር አይጻፉም፤ ቢያንስ አሥሩ ስም ይኖራቸዋል፤ መርከቧ ስትሰምጥ ተራኪው አሥሩንም ስም እየጠራ የት እንደ ደረሱ ይናገራል። ይህ የመጨረሻው ሕግ ጨዋታውን በጣም ያዘገየዋል። ሁለቱ ልጆች አጉረምርመዋል፤ አልቶዋ ግን አልቀየረችውም።

ስለ ወደቡ የጻፍነው ሕግ ሦስት ጊዜ ተሰርዟል። በወረቀቱ ላይ ቦታው ባዶ ነው፤ ዳር ላይ በእርሳስ «ጋሼን ጠይቁ» የሚል አለ። በሚመጣው ቅዳሜ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ የዙ ኑዋስን ሰንሰለት እንሞክራለን፤ እሳቸውም እመጣለሁ ብለዋል።